ተጠባባቂ ቡድን መሪ ልሁን ወይስ ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ትልቅ የመንግሥት ልማት ድርጅት ውስጥ በኤሌክትሪካል መሐንዲስነት ስሠራ 9 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ የሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ፕሮቴክሽን ነው፤ ብልሽት ሲኖር መስመሩን በራሳቸው የሚያቋርጡት መሣሪያዎች በእኔ እጅ ናቸው። ለቡድን መሪነት በውስጥ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቻለሁ፤ ሁለተኛውን ያለፈው እኔው ራሴ ሥራ ያለማመድኩት ልጅ ነው። አሁን እሱ ለሁለተኛ ዲግሪ ሊሄድ ስለሆነ የክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ ‹እስኪመለስ አንተ ደርበህ ያዘው› አለኝ። ደብዳቤ የለም፣ ስለ ክፍያም የተነሳ ነገር የለም። ልቀበል? ቅሬታ ላቅርብ? ወይስ ጨርቄን ማቄን ሳልል ልውጣ? በሰው ኃይል አስተዳደር ብዙ የሠሩ ስለሆኑ ምክርዎን እጠብቃለሁ።»

ምላሽ፦ ኃላፊነቱን ተቀበል፤ ደብዳቤው እጅህ ሳይገባ ግን አንድም ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። ቅሬታም ማቅረብ ትችላለህ፣ በልጁ ላይ ከሆነ ግን ተወው። ስለ መልቀቅም የምለው አለኝ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጊዜ ለምን እንደቀረህ እንይ፤ ምክንያቱ ሳይገባህ ብትለቅ የምትገባበት ቤት ውስጥም ያው ነገር ይጠብቅሃል።

እንደ እናንተ ባሉ ድርጅቶች ደረጃ የሚወጣው ለመደቡ ነው። የሥራ ምዘናው፣ ጄኢጂ የምትሉት፣ የሚመዝነው ወንበሩ የሚጠይቀውን ዕውቀት፣ የሚሸከመውን ኃላፊነትና የሥራውን ሁኔታ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ አንተ ዘንድሮ ከአምናው እጥፍ ብትሻሻል እንኳ መደብህ ያው ነው፣ እርከን ከሚጨመርልህ በቀር ደረጃህም ያው። ከፍ የምትለው ከላይህ ያለ ሰው ሲለቅ፣ ሲዛወር፣ ጡረታ ሲወጣ ወይም አዲስ መዋቅር ሲሠራ ብቻ ነው። መሐንዲሶች ይህን ለመቀበል ሲቸገሩ አያለሁ። ትምህርት ቤት የለመዱት ጎበዝ ሁሉ ኤ የሚያገኝበትን አሠራር ነው፤ እዚህ ግን አሥር ጎበዝ ቢኖር ኤው አንድ ነው።

እስቲ ከላይህ ያሉትን ሰዎች ዕድሜ ገምት። የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን የተወሰነው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነበር። በዚያ ቅበላ የገቡት መሐንዲሶች ተመርቀው የወጡት ደግሞ የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007፣ ግድቡን፣ ስኳሩን፣ ባቡሩንና ቴሌኮሙን በአንድ ጊዜ በያዘበት ወቅት ነው። ትላልቆቹ ድርጅቶች ሰው በገፍ ቀጠሩ፣ አዳዲስ ክፍሎችን ከፈቱ። ያን ጊዜ የገባ ልጅ ገና ወጣት ሳለ ቡድን መሪ፣ ብዙም ሳይቆይ ክፍል ኃላፊ ሆነ። አንተ በ2009 አካባቢ ስትገባ ወንበሩ ሞልቶ ጠበቀህ፤ ያውም በእኩዮችህ። የክፍልህ ኃላፊ 40 ዓመቱ ከሆነ፣ የጡረታ ዕድሜ 60 ነውና ገና 20 ዓመት ይቀረዋል። ከአንተ የቀደሙት ሁሉ በችሎታ በልጠውህ አይደለም። የተሻለ ዘመን ላይ ገብተዋል፣ በቃ።

ብዙ ወንበር በአንዴ የሚከፈተው በድልድል ጊዜ ነው። በ2003 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሲለወጥ፣ በ2006 ደግሞ መብራት ኃይል ለሁለት ተከፍሎ የኤሌክትሪክ ኃይልና የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲባል፣ ሠራተኛው በአዲስ መዋቅር ነው የተመደበው። እንዲህ ያለው ነገር ትንሽም ይሁን ትልቅ በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ የጥናት ቡድን ይቋቋምና ለየክፍሉ «የሥራ ዝርዝራችሁን ላኩ» የሚል ደብዳቤ ይበትናል። መሐንዲሶቹ «የቢሮ ሥራ ነው» ብለው ለጸሐፊዋ ይተዉታል፤ እሷም የድሮውን ገልብጣ ትልከዋለች። ያ ወረቀት ነው ቀጣዩን አሥር ዓመታችሁን የሚወስነው። «ዋና የፕሮቴክሽን ኤክስፐርት» የሚል መደብ፣ ከቡድን መሪው እኩል ደረጃ ያለው፣ እዚያ ውስጥ ካልገባ በኋላ በልመና አይመጣም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄህን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ጎደለብኝ፦ ሰው መምራት እንደምትፈልግ የትም ቦታ አልጻፍክም። የጻፍከው ስለ ሁለት ውድድርና ስለ አንድ ልጅ ነው። ሌላው ዓለም ይህ ችግር ከገባው ቆይቷል፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1962 «ፌሎው» የሚለውን ማዕረግ ያቋቋመው መሐንዲሱ የሰው አለቃ ሳይሆን በሙያው ብቻ ጫፍ እንዲደርስ ነው። በእኛ ቤት የሙያው መሰላል በወረቀት አለ፣ ጀማሪ፣ ባለሙያ፣ ከፍተኛ እያለ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ደመወዙ ኃላፊነትን ተከትሎ ይታጠፋል። ውጤቱን ታውቀዋለህ። ሪሌ፣ ብልሽት ለይቶ መስመሩን የሚያስቆርጠውን መሣሪያ፣ ሲፈታ ምግብ የሚረሳው ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ የመኪና ስምሪት ሲያከራክር ይውላል፤ ድርጅቱ አንድ ጥሩ መሐንዲስ አጥቶ አንድ የተሰላቸ አለቃ ያገኛል።

የምትፈልገው ገንዘቡን ከሆነ ሒሳቡን ሥራው። የደመወዙ ልዩነት 4,000 ብር ነው እንበል። አሁን የምታገኘው ከ14,000 ብር በላይ ከሆነ፣ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በላዩ ላይ ከሚጨመረው 35 በመቶው ግብር ነው፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲወጣ ኪስህ የሚደርሰው 2,320 ብር ነው። ለዚህ ብር የሰዎችን ፈቃድ፣ ኩርፊያ፣ የምዘና ሙግትና ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ትገዛለህ። የመስክ አበልህም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ከቢሮ መውጣት ታቆማለህ። ለአንዳንዱ አያዋጣም። መምራት የምትፈልግ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚቀጥለውን ልብ ብለህ አንብብ።

ውድድሩ እንዴት እንደሚወሰን ላሳይህ። መመሪያዎቹ ከድርጅት ድርጅት ይለያያሉ፣ መሠረቱ ግን ይመሳሰላል፦ የትምህርት ዝግጅት፣ ልምድ፣ የሥራ አፈጻጸም፣ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ። ለምሳሌ አፈጻጸም ከ40፣ ቃለ መጠይቅ ከ20 ይያዛል እንበል። የአንተ አፈጻጸም 97፣ የልጁ 92 ቢሆን ወደ 40 ሲቀየር 38.8 እና 36.8 ይሆናል። በ9 ዓመት ልፋት ያገኘኸው ብልጫ 2 ነጥብ ነው ማለት ነው። ልምድ ደግሞ ብዙ ቦታ ጣሪያ አለው፤ 5 ዓመት የሞላው ሙሉ ነጥብ ካገኘ፣ ትርፉ 4 ዓመትህ ዜሮ ነው። ከዚያ ቃለ መጠይቅ ትገባለህ። እሱ 17፣ አንተ 12 ታገኛለህ። አለቀ፤ በ3 ነጥብ ተበለጥክ። የተሸነፍከው ከ20 ደቂቃ በማይበልጥ ንግግር ነው፣ የቀረው ነጥብ ሁላችሁንም ከሞላ ጎደል እኩል የሚያደርግ ነበርና።

አፈጻጸሙ ለምን አይለይም? ሁሉም ሰው 90 እና ከዚያ በላይ ስለሚሞላለት ነዋ። አለቃ ከሠራተኛው ጋር መጣላት አይፈልግም። «ታዲያ በኮታ ይከፋፈል» የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም። ማይክሮሶፍት ሠራተኛውን በግዴታ ደረጃ ሲያከፋፍል ኖሮ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ትቶታል፤ በአሠራሩ ላይ ይነሳ የነበረው ትልቁ ወቀሳ ሠራተኛው ከተፎካካሪ ድርጅት ይልቅ አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር መፋለሙ ነበር። እኛ ጋ ቢመጣ ምን እንደሚመስል አስበው።

የመሐንዲስ ምዘና ሌላም ጣጣ አለው። በአንተው ሙያ ልንገርህ። በክረምት አንድ የ132 ኪሎ ቮልት መስመር በተደጋጋሚ ይቆርጣል። የጥገና ቡድኑ በመጣ ቁጥር መስመሩን ይፈትሻል፣ ኢንሱሌተር ይቀይራል፣ ብሬከሩን፣ ማለትም መቁረጫውን፣ ዘግቶ ኃይሉን ይለቃል፣ ይመለሳል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሪሌውን መዝገብ ያነባል፤ የሲቲው (የጅረት መለኪያ ትራንስፎርመሩ) ሬሾ በሴቲንጉ ውስጥ በስህተት ስለገባ ዲስታንስ ሪሌው፣ ብልሽቱ ያለበትን ርቀት የሚገምተው፣ የጎረቤቱን መስመር ብልሽት የራሱ እየመሰለው ነው የሚቆርጠው። ቁጥሩን ያስተካክላል። መስመሩ ከዚያ በኋላ ያለ ምክንያት አይቆርጥም። አሁን በዓመቱ መጨረሻ የቢኤስሲ (የሥራ አፈጻጸም ምዘና) ቅጹን ክፈት፦ «የተከናወኑ ጥገናዎች ብዛት» ይላል። አሥር ጊዜ የተመላለሰው ቡድን አሥር አለው። ከሥሩ የፈታው ሰው አንድ አለው፣ እሱም «ክፍሉ ባደረገው ጥረት» ተብሎ በኃላፊው ስም ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሥራ በእጅህ አልፎ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

መድኃኒቱ ሰኔ ላይ ማማረር አይደለም፤ ሐምሌ ላይ ቅጹን መሙላት ነው። የበጀት ዓመቱ ሲጀመር ግብ የምትፈራረሙበት ቀን አለ፤ አብዛኛው ሰው ሳያነብ ይፈርማል። አንተ ግን «በስህተት የሚከሰት የመስመር መቋረጥን ካለፈው ዓመት በዚህን ያህል መቀነስ» የሚል ግብ ከነክብደቱ እንዲገባ ጠይቅ። መነሻው ቁጥር በእጅህ አለ፣ የሪሌው መዝገብ ነው። ኃላፊህም አይቃወምም፤ ለእሱም ወደ ላይ የሚልከው ጥሩ ሪፖርት ይሆንለታል። የምትጽፈውን የብልሽት ትንተና ደግሞ ስምህና ቀኑ ያለበት አድርገህ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ። በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ኮሚቴ ፊት ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ቃለ መጠይቁ ስመለስ፤ ፊትህ የሚቀመጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አስተውለሃል? አንዱ የሙያው ሰው ነው፣ ሌሎቹ ከሰው ኃይልና ከሌላ ክፍል የመጡ ናቸው። «ቡድኑን እንዴት ትመራለህ?» ሲሉህ ስለ ሪሌው ዞን 2 መዘግየት ከነገርካቸው በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቁና 12 ይሰጡሃል። መስማት የሚፈልጉት መለዋወጫ ከውጭ እስኪገባ ሥራው እንዳይቆም ምን እንደምታደርግ፣ ሁለት ሠራተኛ ቢጣላ እንዴት እንደምትይዝ፣ በጀቱን በምን ቅደም ተከተል እንደምትከፋፍል ነው። የምታውቀው ነገር ነው፤ በቃል አልተለማመድከውም እንጂ።

«ይህ ሁሉ ለምን? ዘመድ ያለው ነው የሚያልፈው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አለ። የለም ብል ራሴን መዋሸት ነው፤ ማስታወቂያው ሳይወጣ አሸናፊው የታወቀበትን ውድድር ሰምቻለሁም አይቻለሁም። ሆኖም «ዘመዱ ስለሆነ ነው» የሚል ቅሬታ ይዘህ ብትሄድ ማስረዳት አትችልም፣ ጠላት ግን ታፈራለህ። ማስረዳት የምትችለው ሥርዓቱን ነው፦ ማስታወቂያው የሚፈለገውን ያህል ቀን ተለጥፎ ነበር? መስፈርቱ ከወጣ በኋላ ተቀይሯል? ፈተናውን ያረመው ማነው? ነጥብህ ተዘርዝሮ ተሰጥቶሃል? እነዚህ በደብዳቤ ይጠየቃሉ፣ በደብዳቤም ይመለሳሉ። የእናንተ ዓይነት ድርጅት የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የዕድገት አሰጣጡ ዝርዝር ግን ያለው በሕብረት ስምምነታችሁና በውስጥ መመሪያው ነው። ሄደህ ከሠራተኛ ማኅበሩ ቅጂ ውሰድ። የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው፤ በቀናት ነው የሚቆጠረው። ያለፉት ሁለት ውድድሮች ጊዜያቸው እንዳለፈባቸው ብታገኝ አትገረም። እንዲያም ሆኖ የነጥብህን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቅ፤ ለክስ ሳይሆን ለሚቀጥለው እንዲረዳህ።

ልጁን ግን ተወው። ሥራ ያሳየኸው አንተ መሆንህን እሱም ያውቃል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ የክፍል ኃላፊ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ተጠባባቂነቱ። «ደርበህ ያዘው» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው አስበልታለች። ስለ አበሉ ከማሰብህ በፊት ስለ ፊርማህ አስብ። ቡድን መሪ ሆነህ የምትፈርመው ምንድነው? የሥራ ፈቃድ ወረቀት፦ መስመሩ ተለይቷል፣ ኧርዝ ተደርጓል (ከመሬት ጋር ተያይዟል)፣ ሰው መግባት ይችላል የሚለው። አንድ ቀን እግዚአብሔር አይበለውና ሰው ቢጎዳ፣ መርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄው «በምን ሥልጣን ፈረምክ?» ነው። «ኃላፊዬ በቃል ነግሮኝ» የሚል መልስ ማንንም አያድንም፤ ኃላፊህም ያን ቀን የነገረህን ላያስታውስ ይችላል። ንብረቱስ? የመለዋወጫ ካርዶች፣ የሪሌ መሞከሪያው መሣሪያ፣ መኪናው በልጁ ስም ነው ያለው። ያለ ቆጠራና ያለ ርክክብ ቁልፍ ከተቀበልክ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኘው ጉድለት የማን እንደሆነ ሲከራከሩብህ ትኖራለህ። አንድ የሪሌ መሞከሪያ ዋጋው ከስንት ዓመት ደመወዝህ ጋር እንደሚተካከል ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ስለዚህ ለክፍል ኃላፊው አጭር ደብዳቤ ጻፍ። አመስግን፣ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆንህን ግለጽ፣ ከዚያ የውክልና ደብዳቤው እንዲህ እንዲል ጠይቅ፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኞቹ ጉዳዮች የመፈረም ሥልጣን እንዳለህ፣ የራስህ መደብ እንደተጠበቀ መሆኑን፣ የተጠባባቂነት አበል ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚከፈልህ። ንብረቱን በቆጠራ እንድትረከብም ጨምር። ግልባጭ ለሰው ኃይል። በብዙ ሕብረት ስምምነቶች ውስጥ የተጠባባቂነት አበልና የተጠባባቂነት ጣሪያ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ የእናንተን አይተህ አንቀጹን ጥቀስ። አበሉ ሳይከፈልህ ቢቆይ ደግሞ ዝም ብለህ አታጠራቅመው፤ በአዋጁ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ሰውየው ሲመለስ በአንድ ላይ እጠይቃለሁ» ያሉ ሰዎች አብዛኛውን አጥተውታል።

ደብዳቤውን እምቢ ካሉ የራስህን መደብ ሥራ ቀጥል፣ በትሕትና። ከሰጡህ ግን ደብዳቤው ውድድር ላይ ዋጋ አለው፤ በቡድን መሪነት የሠራህበት ጊዜ በወረቀት የተያዘ ሰው ቃለ መጠይቅ ሲገባ ከአየር አያወራም።

አንድ ነገር ለኋላው ያዝልኝ። አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 3 የሥራ መሪዎችን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል። ቡድን መሪ በመሆንህ ብቻ የሥራ መሪ አትሆንም፤ የሚታየው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ነው። ግን አንድ ሁለት ደረጃ ከወጣህ በኋላ ያ መስመር ይመጣል፤ ያን ቀን የሠራተኛ ማኅበሩም፣ ሕብረት ስምምነቱም፣ አዋጁ ለሠራተኛ የሰጠው የስንብት ጥበቃም ከኋላህ ይቀራል። ክርክርህ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። ብዙ መሐንዲስ የሹመት ደብዳቤውን ሲፈርም ይህን አያውቅም።

መልቀቁን በተመለከተ ቁጣህ እስኪበርድ ጠብቅ። በቴሌኮሙ ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ሲጀምር ለመሐንዲሶች ሁለተኛ በር ተከፈተ፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ግን አገር ውስጥ ያለው ትልቅ ቀጣሪ ያው ነው፣ የቀሩት ኮንትራክተሮች፣ አማካሪ ድርጅቶችና የራሳቸው ሰብስቴሽን ያላቸው ፋብሪካዎች ናቸው። ኮንትራክተር ጋ ደመወዙ ይሻላል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ሥራውም ያልቃል። የባሕረ ሰላጤው አገር ሥራ ከመጣም የሚጠይቁህ ዲግሪህንና በዝርዝር የተጻፈ ልምድህን ነው። ከመውጣትህ በፊት በድርጅቱ ወጪ ሠልጥነህ የፈረምከው የአገልግሎት ግዴታ ካለ ቀሪውን አስላ፤ ብድር ካለብህ በምን ሁኔታ እንደሚቀጥል ጠይቅ። ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሃል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ግን ለመሄድ ባትወስንም አሁኑኑ ጠይቅ። ሕጉ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ በነፃ እንዲሰጠው ያዛል፤ የሚያስገድደው ግን የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ጊዜና ደመወዙን ብቻ ነው። «ኤሌክትሪካል መሐንዲስ፣ 9 ዓመት» የሚል ወረቀት ለውጭም ሆነ ለአገር ውስጥ ቀጣሪ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ከክፍሉ ሌላ ገጽ አጽፍ፦ በስንት ኪሎ ቮልት ሰብስቴሽኖች ላይ፣ በየትኞቹ የሪሌ ዓይነቶች፣ ሴቲንግ ማስላት ይሁን ኮሚሽኒንግ (አዲሱን ፈትሾ ሥራ ማስጀመር) ይሁን የብልሽት ትንተና። ሥራህን በዓይኑ ያየው ኃላፊ ዛሬ እዚያው ወንበር ላይ አለ። በሚቀጥለው ድልድል የት እንደሚሆን አይታወቅም፤ አዲስ የሚመጣው ደግሞ ላላየው ሥራ አይፈርምልህም።